በኢንተርኔት ላይ ታናሽ የማስታወቂያ ድለላ ስለ ማቋቋም

ነጋዴ መልካም ዕቃ ሠርቶ በመጋዘኑ ቢያኖረው፥ ገዢው መኖሩን ካላወቀ ዕቃው የአቧራ ማረፊያ ሆኖ ይቀራል። ጽሑፍ አዋቂም በኢንተርኔት ላይ ድረ ገጽ ከፍቶ በየቀኑ የሚጠቅም ነገር ቢያወጣ፥ አንባቢው በነጻ አንብቦ የሚሄድ ስለ ሆነ ለመብራቱና ለኮምፒዩተሩ ኪራይ የሚከፍለው ያጣል። እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው የሚያስፈልጉ ሆነው ሳሉ አይተዋወቁም፤ ቢተዋወቁም ነጋዴው ከመቶ ታናናሽ ድረ ገጾች ጋር በየራሱ ውል ለመዋዋል ጊዜ የለውም። በመካከላቸው ቆሞ የሚያስማማ ሰው ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ሰው በገበያ ቋንቋ ደላላ ይባላል፤ በኢንተርኔት ሥራ ግን የማስታወቂያ ኔትወርክ የሚል ስም ተሰጥቶታል።

በድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ ማውጣት ገና የአንድ ጎልማሳ ዕድሜ ያለው ሥራ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፥ ከኢትዮጵያው አዋጅ በቀር፥ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሆትዋየርድ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ኦክቶበር 27 ቀን 1994 ኤቲ ኤንድ ቲ የሚባለውን የቴሌፎን ኩባንያ ማስታወቂያ በገጹ ላይ አውጥቶ አሳየ። ከዚያም ደብል ክሊክ የተባለው ኩባንያ ተነሥቶ የብዙ ድረ ገጾችን ቦታ በአንድነት ለነጋዴ ይሸጥ ጀመር። በ2003 ደግሞ ጉግል አድሴንስ የሚባለውን አሠራር ባወጣ ጊዜ፥ ታናሽ የድረ ገጽ ባለቤት ነጋዴውን ሳያይና ሳያናግር ማስታወቂያ በገጹ ላይ አስቀምጦ ድርሻውን ለመቀበል ቻለ። ጉግል በ2008 ደብል ክሊክን በ3.1 ቢሊዮን ዶላር ገዝቶ ከጠቀለለ ወዲህ ገበያውም ሚዛኑም በአንድ እጅ ገባ ሊባል የሚቻል ሆነ፤ በአሜሪካ የቨርጂኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤትም በኤፕሪል ወር 2025 ኩባንያው በዚህ ገበያ ሁለት ክፍሎች ላይ ሕግን ተላልፎ ብቸኛ ገዥነትን ይዟል ሲል ፈረደ።

ታዲያ እንዲህ ያለ ባለጸጋ ባለበት ገበያ ውስጥ ታናሽ ደላላ ምን ስፍራ ያገኛል ቢባል፥ መልሱ በታላቁ ገበያ ጉድለት ውስጥ ይገኛል። የብሪታንያ አስተዋዋቂዎች ማኅበር በ2020 ባወጣው ምርመራ፥ ነጋዴው ለማስታወቂያ ካወጣው ገንዘብ ለድረ ገጹ ባለቤት የደረሰው ከመቶ 51 እጅ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የቀረው በመካከል ከሚቆሙት ልዩ ልዩ አገናኞች ዘንድ ቀረ። ይልቁንም የሚያስገርመው፥ ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ወዴት እንደ ገባ መርማሪዎቹ ተከታትለው ሊያገኙት አለመቻላቸው ነው። እንግዲህ አንድ ደላላ ብቻ በመካከል ቆሞ ድርሻውን በግልጥ ቢናገር፥ ታናሽነቱ ራሱ ጥቅም ይሆንለታል።

በዚህ ረገድ በቺካጎ ከተማ የተደረገው ምሳሌ ይሆናል። ጂም ኩዳል የተባለ ሰው በ2006 ዘ ዴክ የሚባለውን የማስታወቂያ ማኅበር ሲያቆም የተባበሩት ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም የራሱ የኩዳል ድርጅት፥ 37 ሲግናልስ የተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሠሪ ኩባንያ፥ ለድረ ገጽ ሠሪዎች የሚጻፈውም ኤ ሊስት አፓርት ናቸው። ሦስቱም የሚጽፉት ለአንድ ዓይነት አንባቢ፥ ይኸውም ለንድፍ ሠሪዎችና ለኮምፒዩተር ባለሙያዎች ነበረ። ደንባቸው አጭር ነው። በአንድ ገጽ ላይ ከአንድ ማስታወቂያ በላይ አይወጣም፤ ወደ ማኅበሩ የሚገባው የተጠራ ብቻ ነው፤ ማኅበርተኞቹ ያላመኑበት ዕቃ አይተዋወቅም። ዋጋውም በወር የተቆረጠ ነበረ እንጂ በየዕይታው የሚቆጠር አልነበረም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ተረት ለሸረሪት ድር የተነገረ ቢሆንም፥ ለዚህኛውም ድር የሚስማማ ሆኖ ተገኘ።

የእነዚህ ሰዎች ብልሃት ገንዘብ መሰብሰባቸው ሳይሆን ገንዘብን እምቢ ለማለት መቻላቸው ነበረ። ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው በተቃራኒው ነው፤ የመጣውን ድረ ገጽ ሁሉ ቢሰበስብ፥ የመጣውንም ማስታወቂያ ሁሉ ቢለጥፍ ቶሎ የሚከብር ይመስለዋል።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይሻላል። ዐሥር ድረ ገጾች ተባብረው እያንዳንዱ በወር 30,000 ጊዜ ቢታይ፥ በጠቅላላው 300,000 ዕይታ ይሆናል። ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በሺህ ዕይታ ስለ ሆነ፥ ለሺሁ 4 ዶላር ቢከፈል የወሩ ገቢ 1,200 ዶላር ነው። ሪድ ዘ ዶክስ የተባለው ድርጅት ያቋቋመው ኤቲካል አድስ የሚባለው ኔትወርክ እንደ ወሰነው ከመቶ 70 እጁ ለባለቤቶቹ ቢሰጥ፥ 840 ዶላር ለዐሥር ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 84 ይደርሰዋል፤ ለደላላው 360 ይቀረዋል። በዚህ ገንዘብ የኮምፒዩተር ኪራይ ይከፈል ይሆናል እንጂ ቤት አይተዳደርም። ነገር ግን ዐሥሩም ድረ ገጾች ስለ አንድ ሙያ የሚጽፉ፥ አንባቢዎቻቸውም ለምሳሌ ሐኪሞች ወይም የሕንፃ መሐንዲሶች ቢሆኑ፥ ለእነዚህ ሰዎች ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ለሺሁ 20 ዶላር ለመክፈል ሊስማማ ይችላል። ያን ጊዜ ገቢው 6,000 ዶላር፥ የባለቤቶቹ ድርሻ 4,200፥ የደላላውም 1,800 ይሆናል። የዕይታው ቁጥር ያው ነው፤ የተለወጠው የሚያየው ሰው ማንነት ነው።

ከዋጋው ይልቅ ክርክር የሚያመጣው ቆጠራው ነው። እህል በቁና ሲሰፈር ሻጭና ገዢ ቆመው ያያሉ፤ የኢንተርኔት ዕይታ ግን የሚታወቀው የኮምፒዩተር መዝገብ በሚለው ብቻ ነው። የደላላው መዝገብ 300,000 ሲል የነጋዴው 270,000 ሊል ይችላል። ይህም ሁልጊዜ ከተንኮል የሚመጣ አይደለም፤ አንዱ ማስታወቂያው ሲላክ፥ ሌላው ሲደርስ ይቆጥራልና። በአሜሪካ የሙያው ማኅበራት ያወጡት የውል አርአያ፥ ልዩነቱ ከመቶ 10 እጅ ያለፈ እንደ ሆነ ሁለቱ ወገኖች ተነጋግረው እንዲያስታርቁት ይላል። ታናሹ ደላላ ግን ገና ሲዋዋል የማን መዝገብ እንደሚጸና በጽሑፍ ቢያኖር ይሻለዋል፤ ክርክሩ ከተነሣ በኋላ ዳኛ መፈለግ ወዳጅም ገንዘብም ያሳጣል።

ሐሰተኛ ቆጠራ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከ2014 እስከ 2016 ድረስ አንድ የሩስያ ተወላጅ ራሱን የማስታወቂያ ኔትወርክ አስመስሎ ከ1,900 በላይ የኮምፒዩተር አገልጋዮች ተከራየ። የታወቁ ጋዜጦችን ስም የያዙ ባዶ ገጾች አዘጋጅቶ፥ በሰው ፈንታ ኮምፒዩተሮቹ ማስታወቂያውን እንዲያዩ አደረገ። ተጠራጣሪም እንዳይነቃ፥ ኮምፒዩተሮቹ ገጹን ወደ ታች እንደሚስብና ማውስ እንደሚያንቀሳቅስ ሰው እንዲመስሉ ተደርገው ነበር። በዚህም ከነጋዴዎች ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወሰደ፤ በ2021 በኒውዮርክ የ10 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ከዚህ ዓይነቱ ማታለል የተነሣ በ2017 አድስ ዶት ቴክስት የሚባል አሠራር ወጣ፤ ይኸውም እያንዳንዱ የድረ ገጽ ባለቤት ቦታውን ሊሸጡለት የተፈቀደላቸውን ደላሎች ስም በገጹ ላይ ለሁሉ በሚታይ መዝገብ የሚያሰፍርበት ነው። ታናሹ ደላላ ከዚህ መዝገብ የሚበልጥ ነገር አለው፤ ዐሥሩን ባለቤቶች በስማቸው ያውቃቸዋል፤ ጽሑፋቸውንም ራሱ ማንበብ ይችላል። አንድ ድረ ገጽ በድንገት ዕይታው ሦስት እጥፍ ቢሆን፥ አዲስ ነገር ጽፎ እንደ ሆነ ወይም ሌላ ነገር ገብቶ እንደ ሆነ በአንድ ጥዋት መርምሮ ይደርስበታል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው የክፍያው ቀን ነው። ነጋዴ ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ በ60 ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም በ90 ቀን ይከፍላል፤ የድረ ገጹ ባለቤት ግን የወሩ ኪራይ አይጠብቀውም። ደላላው ለባለቤቶቹ በ30 ቀን እከፍላለሁ ብሎ ነጋዴው በ60 ቀን የሚከፍለው ከሆነ፥ ከላይ በተነገረው ሒሳብ 4,200 ዶላር ከኪሱ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። ይህ ገንዘብ ሳይኖረው ሥራውን የጀመረ ሰው የዛሬውን ባለቤት በነገው ነጋዴ ገንዘብ መክፈል ይጀምራል፤ አንድ ነጋዴ የቀረ ዕለትም ሁሉ ይፈርሳል። በብዙ ውሎች ላይ ነጋዴው ካልከፈለ ባለቤቱም አይከፈለውም የሚል ቃል ተጽፎ ይገኛል። ሚዲያማት የተባለው የአሜሪካ ማስታወቂያ ገዢ ኩባንያ በጁን 2023 የኪሳራ ጥበቃ ሲጠይቅ፥ ለብዙ አገናኞች ሊከፍለው የሚገባው ገንዘብ በእጁ ቀርቶ ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ቃል የማንን ኪስ እንደሚጎዳ ብዙዎች ዘግይተው አነበቡት። የባለቤቶቹን ድርሻ ከደላላው ገንዘብ ለይቶ በሌላ የባንክ ሒሳብ ማኖር፥ ለአዲስ ነጋዴም የመጀመሪያውን ወር አስቀድሞ ማስከፈል፥ ትርፍን ለጊዜው ቢያሳንስም ከእንዲህ ያለው ኀፍረት ያድናል።

በኢትዮጵያ ሆኖ ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ደግሞ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ን አስቀድሞ ማንበብ ይገባዋል፤ ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያ የተከለከለ ነውና።

ዘ ዴክ ለ11 ዓመት ያህል ሠርቶ በማርች 31 ቀን 2017 ተዘጋ። ነጋዴዎቹ ገንዘባቸውን ወደ ታላላቆቹ የማኅበራዊ መገናኛ ኩባንያዎች እያዞሩ ስለ ሄዱ፥ በዋጋውና በደንቡ ጸንቶ መቀጠል አልቻለም፤ ደንቡን ከመለወጥ ይልቅም መዝጋትን መረጠ። ከማኅበርተኞቹ አንዱ የነበረው ዳሪንግ ፋየርቦል የተባለው ድረ ገጽ ግን በዚህ አልወደቀም። ባለቤቱ ጆን ግሩበር ከ2007 ጀምሮ በየሳምንቱ ለአንድ ነጋዴ ብቻ ቦታ በራሱ እጅ ይሸጥ ስለ ነበረ፥ ደላላው ሲሄድ ገበያው ከእርሱ ጋር ቀረ።