በጨለማ ቤት ውስጥ የዘመድን ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

የእናት ወይም የአያት ፎቶግራፍ በግድግዳው ላይ ያልተሰቀለበት ቤት ጥቂት ነው። ነገር ግን ፎቶግራፉ የዘመዳችንን መልክ በእውነት መያዙን የምንጠይቀው አብዛኛውን ጊዜ ዘመዳችን ካረፈ በኋላ ነው።

እኛን ይህ ያገኘን በአክስታችን ነው። ባረፉ ጊዜ የተገኘው ፎቶግራፍ ማታ በቤት ውስጥ በስልክ ብልጭታ የተነሣ አንድ ብቻ ነበረ። ግንባራቸው ቅቤ እንደ ተቀባ ያበራል፤ ዓይናቸው ከብልጭታው ሸሽቶ በከፊል ተከድኗል፤ ከኋላቸውም ጥቁር ጥላ ቆሟል። እንዲያሳምርልን ለአንድ ፎቶ ቤት ሰጠነው። ተስተካክሎ በመጣ ጊዜ ፊታቸው ነጥቷል፤ የጉንጫቸው መስመር ጠፍቷል፤ ይልቁንም የአንገታቸው ንቅሳት እንደ እድፍ ተቆጥሮ ተፍቋል። እናታችን ጥቂት ተመልክተው፥ «ይህ የእትዬ ፊት አይደለም፤ ማንን ነው ያመጣህልኝ?» አሉን። የምንመልሰው አጣን። በምንሠራበት በፍርድ ቤት ስርዝ ድልዝ ያለበትን ሰነድ ሳይመረምር የሚቀበል የለም፤ በአክስታችን ፊት ላይ ግን ይህንኑ ገንዘብ ከፍለን አስደረግን።

ማሳመር ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። አርመናዊው በድሮስ ቦያጅያን ለዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት፥ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ በሙያው ይሠሩ በነበረበት ዘመን፥ በዓለሙ ሁሉ ያሉ ፎቶ ቤቶች ኔጋቲቩን በሾለ እርሳስ ያርሙት ነበር። በኔጋቲቭ ላይ እርሳስ ያረፈበት ስፍራ በወረቀቱ ላይ ነጣ ብሎ ይወጣልና፥ የፊት መጨማደድ በዚህ ይለዝባል። ሥራው የእጅ ድካም ስለሚጠይቅ ልክ ነበረው፤ ዛሬ ግን በአንድ ንክኪ ፊት ሁሉ ይላጣል። የጠቆረውን ፊት ማንጣትም ከሩቅ የመጣ ጉድለት ነው። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የቀለም ፎቶግራፍ የሚታተምበትን ልክ ለብዙ ዓመታት ያስተካክል የነበረው «ሸርሊ» በተባለ ካርድ ነበረ፤ በካርዱም ላይ ያለችው ነጭ ሴት ናት።

ስለዚህ መድኃኒቱ ከማረሙ በፊት ነው፤ እርሱም ብርሃኑ። አገራችን ማጂ ደጋ ናት፤ ጉም ይበዛባታል፤ የጎጆው መስኮት ጠባብ ነው፤ ግድግዳውም በጥላሸት ጠቁሮ የገባውን ብርሃን ይውጠዋል። ብርሃን ከምንጩ በራቀ ቁጥር ፈጥኖ ይደክማል፤ ከአንድ ኩራዝ ያለን ርቀት እጥፍ ብናደርገው የሚደርሰን ሩቡ ብቻ ነው። እንግዲህ እናታችሁን ከምድጃው አጠገብ አታንሡ። ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ያህል አስቀምጧቸው፤ ፊታቸውንም ወደ በሩ ሰያፍ ያዙሩ። በጨለማው ወገን ነጭ ጋቢ ብትሰቅሉ ብርሃኑን መልሶ በጉንጫቸው ላይ ያፈስሰዋል። አንሺው በበሩ መካከል አይቁም፤ ብርሃኑን ራሱ ይከልላልና። ብዙ ሰው ፀሐይ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ የጉም ቀን ግን ይሻላል፤ ጉሙ ብርሃኑን አለዝቦ ያከፋፍለዋል።

ሌላም አለ። ስልኩ ነጩን ነጠላ ባየ ጊዜ ብርሃን የበዛ መስሎት ፊቱን ያጠቁራል፤ ስለዚህ በመስተዋቱ ላይ ፊቱን በጣት ነክቶ በዚያው ማስተካከል ነው። በጨለማም ስልኩ ብርሃን ለማግኘት ሲጣጣር ምስሉ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፤ ያንንም ለመሸፈን ሳይጠየቅ ቆዳውን ያለሰልሳል። የማሳመሪያውን ትእዛዝ አስቀድሞ ማጥፋት፥ ስልኩንም በመደብ ላይ ወይም በበሩ መቃን አስደግፎ መያዝ ይገባል።

ከዚያ በኋላ ማረም ቢያስፈልግ፥ የዚያን ዕለት ብቻ የሆነውን፥ ማለት አመድ ወይም ጉድፍ፥ ማንሣት ነውር የለበትም። ንቅሳትና ጠባሳ ግን የሰውየው ናቸው።

ባለፈው ክረምት እናታችንን ቡና እያፈሉ በበሩ አጠገብ በዚህ ዓይነት አነሣናቸው። የግንባራቸው መስመር ሁሉ፥ የአንገታቸውም ንቅሳት ደኅና አድርጎ ወጣ። ብናሳያቸው ብዙ ጊዜ ተመለከቱትና፥ «ነጠላዬ መቆሸሹን ስታይ ምነው ዝም አልክ?» አሉን።