ተጨማሪ መረጃ፦ ሻይ በጥርስ ላይ የሚተወው ቀለም
በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ ከጠዋት እስከ ማታ ይጠጣል። በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን ምራቅ በጥርስ ገጽ ላይ በሚሠራው ስስ ሽፋን ላይ እየተጣበቀ ቡናማ ቀለም ይተዋል፤ ጫት የሚቅም ሰው ጥርስ ላይ ደግሞ ይበረታል። ወተት ያለበት ሻይ ያን ያህል አያጠቁርም፤ የወተቱ ፕሮቲን ታኒኑን ይይዘዋልና።

ሻይ እንደተጠጣ አፍን በውሃ መጉመጥመጥ ቀላሉ መከላከያ ነው። በቀን 2 ጊዜ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽም ያስፈልጋል። የወይራ ወይም የክትክታ መፋቂያ ጫፉ ታኝኮ እንደ ብሩሽ ሲለሰልስ፣ ከድድ ወደ ጥርሱ ጫፍ በቀስታ ከተፋቀበት በሚገባ ያጸዳል፤ ወደ ጎን በኃይል መፋቅ ግን ድድ እንዲሸሽ ያደርጋል። ሎሚ የተጨመቀበት ሻይ ከተጠጣ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ መቦረሽ ይሻላል፤ አሲዱ የጥርስን ጠንካራ ሽፋን (ኢናሜል) ለጊዜው ያላላዋል።

ጥርስን በከሰል፣ በአመድ ወይም በሎሚ መፈተግ ፈጽሞ አይገባም፤ ኢናሜል አንዴ ካለቀ አይተካም። የቆየ ቀለም በጥርስ ሐኪም መሣሪያ ይነሣል። በስምጥ ሸለቆ ፍሎራይድ የበዛበት ውሃ እየጠጡ ባደጉ ሰዎች ጥርስ ላይ የሚታየው ቡናማ ቀለም ግን ጥርሱ ሲሠራ አብሮ የገባ ስለሆነ በመቦረሽ አይለቅም።