መድኃኒት ያልበገረውን የጡት ካንሰር በብርሃን መምታት

ከአምስተርዳም ኖርድ በጀልባ ተሻግሮ ማዕከላዊው ባቡር ጣቢያ የደረሰ ሰው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ዩትሬክት ወይም ላይደን መግባት ይችላል። የሁለቱ ከተሞች ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የጋራ ጥናት መድኃኒት የተላመደ የጡት ካንሰርን በብርሃን ለማጥቃት ያለመ ነበር።

ከመቶ የጡት ካንሰር ሕሙማን ከ15 እስከ 20 በሚሆኑት ላይ ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን በዕጢው ህዋሶች ገጽ ላይ ከመጠን በላይ ይበዛል። በ1998 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ትራስቱዙማብ ይህንኑ ፕሮቲን ይዞ የህዋሱን የመባዛት ትእዛዝ ያግዳል። የብዙ ሴቶችን ዕድሜም አራዝሟል። ይሁንና አንዳንዱ ዕጢ ከመነሻው አይበገርለትም፤ ሌላው እያደር ይላመደዋል።

ነገር ግን መድኃኒቱ ሲከሽፍ ፕሮቲኑ ብዙውን ጊዜ ከህዋሱ ገጽ አይጠፋም። በሩ ቢዘጋም የቤቱ አድራሻ አልተለወጠም ማለት ነው። ተመራማሪዎቹ የተጠቀሙት ይህንን ነው።

መልእክተኛው ናኖቦዲ ይባላል። ምንጩ ለአፋርና ለሶማሌ አርብቶ አደር እንግዳ አይደለም፤ የቤልጂየም ሳይንቲስቶች በ1993 እ.ኤ.አ. በግመል ደም ውስጥ የተለየ ፀረ እንግዳ አካል ማግኘታቸውን አስታወቁ። ከዚያ የሚወሰደው ቁራጭ ከተለመደው ፀረ እንግዳ አካል በአሥር እጅ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ዕጢው ውስጥ በቀላሉ ይሰርጋል፣ ትርፉም በኩላሊት በኩል ፈጥኖ ይወገዳል።

በናኖቦዲው ላይ ብርሃን የሚቀበል ቀለም ይጣበቃል። ቀለሙ ብቻውን አይገድልም። 690 ናኖሜትር ገደማ የሞገድ ርዝመት ያለው ቀይ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ጉልበቱን በአካባቢው ላለ ኦክስጅን ያስተላልፋል፤ ኦክስጅኑም ህዋስ አጥፊ ይሆናል። ዕድሜው እጅግ አጭር በመሆኑ ከተፈጠረበት ቦታ ብዙም አይርቅም። በነባሩ የብርሃን ሕክምና ቀለሙ በመላ ሰውነት ስለሚሰራጭ አንዳንድ ሕሙማን ለሳምንታት ከፀሐይ መሸሸግ ነበረባቸው።

ትራስቱዙማብን የተቋቋመ የሰው የጡት ካንሰር በተተከለባቸው አይጦች ላይ፣ አንድ ዙር ሕክምና ዕጢውን በጉልህ አሳንሶታል።

አይጥ ግን ሰው አይደለም። ተመሳሳይ ስልት የሚከተል፣ በሙሉ ፀረ እንግዳ አካል ላይ የተመሠረተ ሕክምና በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. በጃፓን ፈቃድ ያገኘው ለራስና አንገት ካንሰር ነው። ብርሃኑ ወደ ሥጋ የሚዘልቀው አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ጥልቅ ዕጢ ዘንድ ለማድረስ ቀጭን የብርሃን ገመድ ማስገባት ያስፈልጋል። በአጥንትና በጉበት የተበተነን ካንሰር ሁሉ ማብራት አይቻልም። በኢትዮጵያ የጡት ካንሰር በሴቶች ላይ ከሚታዩት ካንሰሮች ቀዳሚው ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ዕጢው ከተስፋፋ በኋላ ነው።