የፋሲካ ገበታና ያልተነገረ ቋንቋው

በትልልቅ ሆቴሎች ጠረጴዛ ላይ ሹካና ቢላዋ የራሳቸው አነጋገር አላቸው። ተመጋቢው ሁለቱን አጠጋግቶ በሳህኑ ላይ ጎን ለጎን ካጋደማቸው «ጨርሻለሁ፤ ይነሣልኝ» ማለቱ ነው። አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ አዘንብሎ ካሳረፋቸው ግን ገና እየበላ ነውና አስተናጋጁ ሳህኑን አይነካም። ይህን ባለማወቅ ሳይጠግብ ሳህኑ የተነሣበትን እንግዳ ያየን ጥቂቶች አይደለንም።

በእኛ መሶብ ዙሪያ ሹካ የለም፤ ምልክቱ ግን አለ። ታላቅ ሰው ባርኮ ሳይቆርስ እጅ አይዘረጋም። ሁሉም ከፊት ለፊቱ ይበላል እንጂ ወደ ባልንጀራው ወገን አይሻገርም። እጁን ሰብሰብ ያደረገ እንግዳ ጠገበ ማለት ነው፤ ባለቤቲቱ ግን እያየች እንዳላየች ወጥ ትጨምርለታለች። «በቃኝ» የሚለው ቃል በመጀመሪያው አይታመንም፤ አንዳንዴም በሁለተኛው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሏልና ሁለተኛው ይከተላል። (ከ55 ቀን ጾም በኋላ በፋሲካ ሌሊት ሆድ ምን እንደሚል አልጠፋንም!)

ይህ ሥርዓት ይበልጥ የሚፈተነው እንደ መልካ ወረር ባሉ ከተሞች ነው። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ በመካከለኛው አዋሽ የጥጥ እርሻ ሲስፋፋ፣ ከደጋ የወረዱ ክርስቲያኖች ከአፋር ሙስሊሞች ጋር ተጎራበቱ። በዓል ያለ ጎረቤት አይደምቅም፤ ሥጋው ግን አንድ አይደለም። ክርስቲያኑ በሥላሴ ስም የታረደውን፣ ሙስሊሙም በራሱ ሥርዓት የታረደውን ይበላል። ስለዚህ አስተዋይ አባወራ ለሙስሊም እንግዶቹ ፍየሉን ከነነፍሱ ያስረክባል፤ አራጁም ሠሪውም ከእነርሱ ወገን ይሆናል፤ ቢላዋው፣ ድስቱና ትሪውም ለብቻ ነው። ማንም ንግግር አያደርግም፤ ለብቻው የተቀመጠውን ቢላዋ ያየ እንግዳ እንደታሰበለት ይረዳል። ያልታሰበለት ግን «ጠግቤያለሁ» ይላል። ባለቤቲቱ ይህን እንደ ተራ ይሉኝታ ቆጥራ «በሞቴ» እያለች ብትጎተጉተው፣ ፍቅር ያልነው ወግ በእምነቱ ላይ መግፋት ይሆንበታል።

ወደ አፋሩ ቤት ስንሄድ ተራው የእኛ ነው። በዳጉ ወሬ ከተለዋወጡ በኋላ ለእንግዳ ክብር ወተት ይቀርባል። ወተቱ የግመል ከሆነ በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ አይጠጣም። እዚህ ላይ «ጠግቤያለሁ» ብሎ ከመሸሽ፣ እጅን ደረት ላይ አድርጎ «የሃይማኖቴ ሥርዓት ነው» ማለት ይሻላል፤ ባለቤቱም የራሱ ሥርዓት ያለው ሰው ነውና አይቀየምም። የፍየል ወተት ከመጣ ግን ሰበብ የለም፤ በበዓለ ኀምሳ ረቡዕም ዓርብም አይጾምምና ዕቃውን በሁለት እጅ ተቀብሎ መጠጣት ነው።