በርን ከመደረጉ በፊት የተበላሸው ዲቪዲ

የሠርግ ወይም የምረቃ ቪዲዮ ተቀናብሮ ካለቀ በኋላ ሳሎን ያለው ዴክ ዲስኩን አላነብም ሲል፣ ወይም የተናጋሪው ድምፅ ከከንፈሩ ተለይቶ ሲመጣ፣ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ዲስኩን ነው። ሌላ ባዶ ዲቪዲ ይገዛል፣ እንደገና በርን ያደርጋል፣ ያው ችግር ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ያለው ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው ሌዘሩ ዲስኩን ከመንካቱ በፊት፣ ፋይሉ ኮንቨርት ሲደረግ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ከዚያ ቢጀመር ብዙ ዲስክና ብዙ ሰዓት ይተርፋል።

ምክንያቱ የዲቪዲ ሕግ ጠባብ መሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረቡት በ1996 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያኔ የተቀመጠው ደረጃ ዛሬም አልተለወጠም። ምስሉ በተለምዶ በኤምፔግ-2 ይታመቃል። ኢትዮጵያና አብዛኛው አውሮፓ በሚጠቀሙበት የፓል ቴሌቪዥን ሥርዓት ሙሉ መጠኑ 720 በ576፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ፍሬም ነው። አሜሪካ በሚሠራበት ኤንቲኤስሲ ደግሞ 720 በ480 እና 29.97 ፍሬም ነው። ድምፁ ኤሲ-3 ወይም ያልታመቀ ፒሲኤም ይሆናል፤ በፓል ኤምፒ2ም ይፈቀዳል። ሁሉም በተለምዶ በ48,000 ኸርዝ ይቀረጻሉ። የዛሬ ስልክ የሚያወጣው ፋይል ግን ኤች.264 ወይም ኤች.265 ምስልና ኤኤሲ ድምፅ ነው፤ ከእነዚህ አንዱም ለዲቪዲ አይሆንም። «ኮምፒውተሬ ላይ እኮ ይጫወታል» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይወድቃል። ቪኤልሲን የመሰለ ሶፍትዌር ሁሉንም ዓይነት ፋይል ለመፍታት የተሠራ ነው፤ ዴኩ የሚያውቀው ፋብሪካው ቺፑ ላይ ያኖረለትን ብቻ ነው። ኋላ የወጡ አንዳንድ ዴኮች ኤምፒ4 ያነባሉ፤ ግን ስጦታው የሚደርሰው ሰው ቤት ያለው ዴክ የትኛው እንደሆነ ላኪው አያውቅም።

በጣም የሚያስቸግረው የድምፅና የምስል መለያየት ነው፤ መድኃኒቱ የሚገኘው ግን ምልክቱን በጥሞና በማየት ነው። ቪዲዮውን መጀመሪያው ላይ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት አልፎ ይመልከቱት። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ድምፁ በቋሚ መጠን ዘግይቷል ወይም ቀድሟል፤ ያን ያህል ወደፊት ወይም ወደኋላ መግፋት ይበቃል። መጀመሪያው ልክ ሆኖ እየቆየ የሚሰፋ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፍሬም ፍጥነት ነው። 30 ፍሬም የሆነ ቪዲዮ ድምፁ ሳይስተካከል እንደ 29.97 ከተቆጠረ በአንድ ሰዓት ውስጥ ልዩነቱ 3.6 ሰከንድ ይደርሳል። የስልክ ቪዲዮ ደግሞ ይብሳል፤ ብዙ ስልኮች ብርሃን ሲያንስ ፍጥነቱን ራሳቸው ይቀንሳሉ፣ አዳራሹ ሲበራ መልሰው ይጨምራሉ። ፍጥነቱ አንድ ዓይነት ነው ብሎ የሚያስብ ኮንቨርተር ይህን ሲያገኝ ይስታል። መፍትሔው ፋይሉን በቅድሚያ ሃንድብሬክ ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባል ሶፍትዌር ወደ ቋሚ ፍጥነት መቀየር፣ ከዚያ ወደ ዲቪዲ ማሸጋገር ነው።

ምስሉም የራሱን ምልክት ይሰጣል። ሰዎቹ ሁሉ ቀጥነውና ረዝመው ከታዩ፣ ሰፊው ምስል 16፡9 መባል ሲገባው 4፡3 ተብሎ ተመዝግቧል። እስክስታ ሲመታ ትከሻው ወደፊት ሄዶ ወደኋላ የሚመለስ መስሎ ከተንቀጠቀጠ፣ ምስሉን በፈረቃ የሚሠሩት መስመሮች ቅደም ተከተል ተገልብጧል። ዋሽንግተን ያለ ዘመድ ከአዲስ አበባ የተላከለትን ዲስክ ማየት ካልቻለ ብዙ ሰው ሪጅን ኮድን፣ ማለትም ዲስኩ በየትኛው አካባቢ እንደሚጫወት የሚወስነውን ቁልፍ፣ ይወቅሳል፤ ቤት ውስጥ በርን የተደረገ ዲስክ ግን በተለምዶ የሪጅን ቁልፍ የለበትም። እዚያ የሚሸጡ ብዙ ዴኮች ፓልን አይቀበሉም፤ ችግሩ ይኸው ነው።

ከዚያ የዲስኩ ቦታ ሒሳብ ይመጣል። ተራ ዲቪዲ የሚይዘው 4.7 ጊጋባይት፣ ማለትም 37.6 ቢሊዮን ቢት ነው። የሦስት ሰዓት ሠርግ 10,800 ሰከንድ ስለሆነ በሰከንድ የሚደርሰው 3.48 ሚሊዮን ቢት ያህል ነው፤ ለድምፁ 192 ሺህ ሲቀነስ ለምስሉ ከ3.3 ሚሊዮን ያነሰ ይቀራል። የጭፈራው ክፍል አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ የሚመስለው በዚህ ነው። ሠርጉን በሁለት ዲስክ መክፈል ከሁሉ ይሻላል። ለጥራት ብሎ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚያልፈውን ቢት) ከልክ በላይ መጫንም አያዋጣም፤ የምስሉ ጣሪያ በሰከንድ 9.8 ሚሊዮን ቢት ነው፤ ወደዚያ የተጠጋ ዲስክ አሮጌ ዴክ ላይ እየቆመ ይሄዳል።

ዲስኩስ አይበላሽም ወይ የሚል ሰው ልክ ነው፤ ርካሽ ዲስክ፣ የደከመ በርነር፣ ፋይናላይዝ ያልተደረገ (መጨረሻው ያልተዘጋ) ሥራ ሁሉም አለ። ነገር ግን መገመት አያስፈልግም። ዲቪዲውን የሚያዘጋጀው ሶፍትዌር በርን ከማድረጉ በፊት ቪዲዮ_ቲኤስ የሚባለውን ፎልደር ሃርድ ዲስክ ላይ ያውጣው፤ ያን በቪኤልሲ ይክፈቱ። ጥፋቱ እዚያ ከታየ ዲስኩ ነፃ ነው። ፎልደሩ ንጹሕ ሆኖ ዴኩ ላይ ብቻ ከተበላሸ፣ ያኔ ቢትሬቱን ዝቅ አድርጎ ተደጋግሞ በሚጻፍ ዲስክ መሞከር፣ የበርን ፍጥነቱንም መቀነስ ይገባል። ፍላሽ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን ለሚል፣ ፍላሽ የሚቀበል ቴሌቪዥን ላለው ቤት ፍላሽ መስጠት ትክክል ነው፤ ዴክ ብቻ ላላቸው አባትና እናት ግን ዲስኩ በደንብ ተሠርቶ ሊደርሳቸው ይገባል።

ዋናውን ፋይል ደግሞ አይሰርዙ። ለአሜሪካ ዘመድ የኤንቲኤስሲ ቅጂ ሲያስፈልግ ከፓሉ ዲስክ ሳይሆን ከዋናው ፋይል እንደ አዲስ ኮንቨርት ያድርጉ።