ከእግር ብረት ስለ ተሠራው ደወል

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1953 ዓ. ም. (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካን አገር በባልቲሞር ከተማ አንድ ደወል ተሠራ። ክብደቱ 300 ፓውንድ፣ ማለት 136 ኪሎ ያህል ነው። ለሥራው የቀለጠው ብረት የአእምሮ ሕሙማን ከሚጠበቁባቸው ልዩ ልዩ ቤቶች የተሰበሰበ ሰንሰለት፣ የእግር ብረትና ካቴና ነበረ።

ደወሉን ያሠራው ማኅበር የመነጨው ከአንድ ሕመምተኛ ድካም ነው። ይኸውም ክሊፎርድ ቢርስ የሚባለው የዬል ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ሲሆን፣ በ1900 አእምሮው ታውኮ ከመስኮት ራሱን ወረወረ፤ ከሞት ተርፎ ሦስት ዓመት ያህል በሦስት ሆስፒታሎች ተቀመጠ። በዚያም መደብደብንና በሸራ ልብስ ተጠፍሮ ማደርን አየ። ከዳነ በኋላ ያየውን በ1908 በመጽሐፍ አሳተመ፤ በ1909 አገር አቀፍ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረገ። ከእርሱ በፊት ስለ እብዶች የተናገሩ ደጋግ ሰዎች አልታጡም፤ ነገር ግን እርሱ የሚናገረው ስለ ራሱ ስለ ነበረ ሰሚው «ውሸት ነው» ለማለት ተቸገረ።

አሁን አንባቢው አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንፈልጋለን። ደወሉ በተሠራበት ጊዜ ክሎርፕሮማዚን የሚባለው መድኃኒት ገና አዲስ ነበረ። የፈረንሳይ ሐኪሞች ለአእምሮ ሕመም የሞከሩት በ1952 ሲሆን ወደ አሜሪካ ሐኪሞች እጅ የገባው በ1954 ነው። በ1955 በአሜሪካ የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታሎች ከ550,000 የሚበልጥ ሰው ተኝቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ቍጥሩ እየቀነሰ ሄደ። በ1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ሕሙማን በየሠፈራቸው የሚታከሙባቸው ጣቢያዎች እንዲሠሩ የሚያዝ ሕግ ፈረሙ። ሆኖም ከታሰቡት ጣቢያዎች ብዙዎቹ ሳይሠሩ ስለ ቀሩ፣ ከሆስፒታል ከወጡት ሰዎች መካከል መንገድ ላይ የወደቁና ወኅኒ የገቡ አሉ። ስለዚህ ደወሉ ብቻውን ሰንሰለቱን ፈታ ማለት አይቻልም፤ ክኒኑም ብቻውን አልፈታውም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በኢትዮጵያ ገጠር ሰንሰለቱ ያለው በሕመምተኛው በራሱ ቤት ውስጥ ነው። አሳሪዎቹም አባትና እናት፣ ወንድምና እኅት ናቸው። ገደል እንዳይገባ፣ ሰው እንዳይመታ፣ ጠፍቶ እንዳይቀር ብለው ከምሰሶ ጋር ያስሩታል፤ ያሰሩትንም በእጃቸው ያጐርሱታል። ይህን ጭካኔ ነው ብሎ መስበክ ቀላል ነው፤ እኛ ግን ስብከቱ ወደ ተሳሳተ ቤት የተላከ ይመስለናል። ለብዙ ዘመን ለዚህ ሕመም የተለየው ሆስፒታል በአዲስ አበባ የሚገኘው አማኑኤል ብቻ ነበረ፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የአእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን ማሠልጠን የጀመረው በ2003 ነው። ጠበሉ ግን ቅርብ ነው፤ ገመዱም ቤት ውስጥ ነው።

በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳ የተደረገ ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። የጤና ጣቢያ ሠራተኞች ሠልጥነው መድኃኒቱን በዚያው በአቅራቢያ መስጠት ጀመሩ። በመጀመሪያ በጽኑ ከታመሙት ውስጥ አንድ አራተኛ ያህሉ ታስረው ያውቁ ነበር፤ ከ12 ወር በኋላ ይህ ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። ቤተ ሰቡ በዚያ ዓመት አዲስ ርኅራኄ የተማረ አይመስለንም፤ የሚሄድበት ስፍራ አገኘ እንጂ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። በሽታውን ገልጦ መድኃኒት ያጣውን ግን ተረቱ አያነሣውም። እንዲያውም መድኃኒቱ ተገኝቶ የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። በኢትዮጵያ ሕሙማን ለምን መድኃኒታቸውን እንደሚተዉ በተጠየቀ ጊዜ፣ ከተሰጡት ዋና ዋና መልሶች አንዱ መድኃኒቱ ረኃብን ይቀሰቅሳል፤ በቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም የሚል ነበረ።