ተሳቢ የሚጎትት ዕዳም ይጎትታል

ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ከጅቡቲ ወደብ የተነሣ ጭነት በአዋሽ፣ በመተሐራና በወለንጪቲ አልፎ ወደ አዳማና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ይደርሳል፤ ብዙውንም የሚያመጡት ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪናዎች ናቸው። በነዚሁ ከተሞች ባጃጁም፣ ጋሪውም፣ አህያ የሚነዳው ገበሬም፣ ተማሪውም መንገዱን ይጋራል። ስለዚህ አደጋው ከምን እንደሚመጣና አደጋ ሲደርስ ሕጉ ማንን እንደሚጠይቅ ማወቅ የነጂዎች ጉዳይ ብቻ ነው ብለን አናምንም።

በመጀመሪያ ስለ አደጋው። ተሳቢ የራሱ ሞተር የለውም፤ የራሱ ክብደት ግን አለው። ነጂው ፍሬን ሲይዝ የተሳቢው ፍሬን ቢዘገይ ወይም ባይሠራ፣ ተሳቢው ጎታቹን ከኋላ ይገፋዋል፤ በእርጥብ መንገድ ወይም በቁልቁለት ላይ ሲሆን ሁለቱ በመጋጠሚያቸው ይታጠፉና መንገዱን ይዘጋሉ። ከአዳማ እስከ መተሐራ ምድሩ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ቁልቁለትን ፍሬን ብቻ እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይተዋል። ስለዚህ ጠንቃቃ ነጂ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ ያስገባል። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ያህል እንደሚሆንም አይዘነጋም። ከመነሣቱም በፊት የመጋጠሚያውን ፒን፣ የአየር ቱቦውን፣ የኋላ መብራቱንና ፍሬቻውን ያያል።

የተበላሸ መኪና በገመድ መጎተትም ቀላል ነገር አይደለም። የሚጎተተው መኪና ሞተሩ ስለጠፋ የፍሬኑ ፔዳል ይከብዳል፤ ገመዱም እንዲቆም ሊያደርገው አይችልም። ጀልባ ጎትቶ ወደ ላንጋኖ ለመዝናናት የሚወርድ የቤት መኪናም ከዚህ ሥርዓት ውጭ አይደለም።

አሁን ወደ ሕጉ እንለፍ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081፣ መኪና ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። ባለቤቱ የሚድነው በዚያን ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ሲያስረዳ ነው። በቁጥር 2086 መሠረትም «እኔ አላጠፋሁም» ማለት አይበቃውም፤ ኃላፊነቱ የሚቀርለት ወይም የሚቀነስለት ጥፋቱ በሙሉ ወይም በከፊል የተጎጂው በሆነ ጊዜ ነው። እንግዲህ ተሳቢ የገጨው ጋሪ ነጂ የባለመኪናውን ጥፋት የማስረዳት ሸክም የለበትም ማለት ነው። ተሳቢው የሌላ ሰው ንብረት ቢሆንስ? ተሳቢ የሚንቀሳቀሰው በጎታቹ ሞተር ስለሆነ፣ ያደረሰው ጉዳት ጎታቹ እንዳደረሰው ሊቆጠር ይገባል የሚል አስተያየት አለን።

የባጃጅ ነገር ግን ይለያል። ባጃጅም ባለሞተር ነው፤ ሁለት ባለሞተሮች ሲጋጩ በቁጥር 2084 መሠረት ለአደጋው እኩል እንዳዋጡ ይቆጠራል፤ የጉዳቱንም ጠቅላላ ዋጋ እኩል ይካፈላሉ። ይህ የሚቀረው ጥፋቱ በሙሉ ወይም በይበልጥ የአንደኛው ነጂ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። ስለዚህ የተሳቢው ፍሬን እንዳልያዘ ያየ ምስክር ከሌለ፣ ኑሮውን በባጃጁ ላይ የመሠረተ ሰው ግማሹን ዕዳ ሊሸከም ይችላል። ምስክር መሆን ውለታ ብቻ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ማትረፍ ነው።

ሽምግልና የተከበረ ባህላችን ነው፤ ሆኖም ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ተጎጂ መብቱን አውቆ ይቅረብ። ካሣ የመጠየቂያው ጊዜ በመሠረቱ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ነው፤ «ዛሬ ነገ» እየተባለ ያ ጊዜ ካለፈ ካሣው ሊቀር ይችላል። ለሦስተኛ ወገን መድን መግባትም በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ ሆኗል፤ በ2005 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 799ም ይህንኑ አጽንቷል። የመኪናውን ሰሌዳ ቁጥር መያዝና ለፖሊስ ወዲያው ማስታወቅ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሕግ ታትሞ በመደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ለወለንጪቲ ጋሪ ነጂ ምን ይፈይድለታል? በየሰፈሩ አንብቦ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል፤ ይህም ሥራ ከእኛ ከተማሪዎች ይጀምር።